ጀርመኖቹ የቀረጹት ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጄፔ መንገድ ላይ፣ ከሱቄ ደጃፍ፣ አንዲት ወጣት ጠጉራም ማይክሮፎን ይዛ አላፊ አግዳሚውን ስታስቆም አየሁ። ከኋላዋ ካሜራ የተሸከመ ጎረምሳ አለ። ለደንበኛ የብርድ ልብስ እሽግ እያወረድኩ ነበርና ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ጎረቤቴ ቀበቶ የሚሸጠው ልጅ ሮጦ መጥቶ «እህት አስቴር፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ልጅቷ ወደኔ ጠጋ ስትል ግን መጋረጃውን ስቤ ወደ ውስጥ ገባሁ። የዛሬ ልጆች ቁርሳቸውን ሳይቀር ቀርጸው ለዓለም ያሳያሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከማይክሮፎን ስሸሽ ያየኝ ሰው ምን እንደሚለኝ እንጃ። ይበለኝ። እኔ ያንን ጠጉራም ዕቃ ሳይ የሚታየኝ ቮስሎሩስ ነው፣ ድሮ የኖርንበት የከተማው ዳር ሰፈር፤ የሚታየኝ ጴጥሮስ ነው፣ ባሌ።

ስንት ዓመት ሆነው ብትሉኝ ልክ አልነግራችሁም። ስልክ ሁሉ ባለ ቁልፍ የነበረበት ጊዜ ነው። ሙሉ ዳቦ አምስት ራንድ ከሳንቲም ነበር፤ ለቸገረው ግማሹንም ቆርጠን እንሸጣለን። እንቁላል በፍሬ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ስኳር በላስቲክ ተቋጥሮ፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ፣ እዚህ ፓራፊን የሚሉት፣ ደንበኛው ባመጣው ጠርሙስ ይለካል። ጎረምሶቹ ሸራ ጫማቸውን በጥርስ ብሩሽ አጥበው ነጭ አድርገው፣ ክብ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ማዕዘኑ ላይ ይቆማሉ። እናቶቹ አበባ ያለበት ሽርጥና የራስ ሻሽ ያስራሉ። ታክሲው ሲያልፍ ከውስጡ የሚወጣው ሙዚቃ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የሰርዲን ጣሳ ያንቀጠቅጠው ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ያ ምት በጄፔ ሲያልፍ እጄ ሳላዘው ጣሳ ሊደግፍ ይነሳል።

ስፓዛችን፣ ማለትም የሰፈር ሱቃችን፣ ከአንድ ጡረተኛ የተከራየነው የመኪና ጋራዥ ነበር። በሩን በብረት ፍርግርግ አስበየድነው፤ በፍርግርጉ መሃል ዳቦ የምታሳልፍ መስኮት ተተወች። ደንበኛ ከውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ እኛ ከውስጥ ጨለማው ውስጥ። ሰፈርተኛው ስማችንን አያውቅም፤ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው። ጴጥሮስ የዱራሜ ልጅ ነው፣ እኔ የሆሳዕና። የእሱ እናት ቋንቋ ሌላ፣ የእኔ እናት ቋንቋ ሌላ፤ ስለዚህ ፍቅራችንም ጠባችንም በአማርኛ ነበር። ድምፁ ጎርናና ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፤ ከመናገሩ በፊትም አንዲት አጭር ሳቅ ትቀድመዋለች። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ከጎኑ የቆመ ሰው ሁሉ ዜማ ይጠፋበት ነበር። መስኮቱ ላይ ግን ያ ድምፅ ደንበኛ ይጠራል። «ሄ ሄ፣ ሳውቦና ማማ! ዛሬ ደግሞ ምን ልስጥሽ?» ሲል ዳቦ ሊገዙ የመጡት ሳሙናም ገዝተው ይሄዳሉ።

ያ ዘመን እንዲህ ብቻ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። በወር አንዴ ነጭ መኪና ትመጣለች። ውስጧ ያሉት ሰዎች «ጥበቃ» የሚሉትን ይቀበላሉ፤ ያልሰጠ ሱቅ ማን እንደሚጠብቀው ራሱ ያውቃል። ከእኛ በታች ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ ነበረው፤ ሳቂታ፣ ደግ፣ በረመዳን እንኳ እሱ እየጾመ ለእኛ ሻይ የሚልክ። ከድር አልቻለም፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ተናገረ። ሲገባ ያየው ሰው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሱቁ ነደደ፣ እሱም እግሩን በጥይት ተመትቶ በክራንች አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ አፉን ዘጋ።

ጀርመኖቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓስተራችን አንዲት ረጅም ሴትና ካሜራ የያዘ ጓደኛዋን አስተዋወቁን። ኡልሪከ ትባላለች። ጠብታ በማይጥልበት የጆሃንስበርግ ክረምት የዝናብ ካፖርት ለብሳ ነበር፤ ጴጥሮስ አይቷት «ምናልባት ከሰማይ የተነገራት ነገር ይኖራል» ብሎ አሳቀኝ። በአገሯ፣ ድሮ እኛ ዘንድ በሚስዮን ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ፓስተር አሉና ስለ እኛ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ሥራዋን ስታስረዳን ደስ ትል ነበር። «እኛን ጀርመን ሁሉ አያየንም» አለች። «የአንድ ክልል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነን። የክልላችንን ዝናብ፣ የላሞቹን ዋጋ፣ የሽማግሌዎቹን መዘምራን እንናገራለን። የሚከፍለን እያንዳንዱ ቤት ነው፤ መንግሥትም ነጋዴም አያዘንም።» ጴጥሮስ ወደኔ ዞሮ «ገባሽ? የእነሱ ዱራሜ ነው የሚያየው» አለኝ። በዚህች ነገር ልቡ ተከፈተ። የሩቅ አገር ገበሬ፣ ላሙን አልቦ እግሩን ዘርግቶ የሚያየው ቴሌቪዥን! ማን ምን ያደርገናል አለ።

ስለ ነጭዋ መኪና ሊነግራት ወሰነ። እኔ አልወደድኩትም፣ ግን ከድርን እያሰበ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቶ ነበርና ዝም አልኩ። በዚያው እሁድ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ጓዳ፣ በዱቄት ጆንያዎቹ መሃል፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ካሜራማኑ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ መብራቱን ከጀርባው አድርጎ ፊቱን ጥቁር ጥላ አደረገው፤ ስሙም፣ የሰፈሩም ስም እንዳይነሳ ተስማሙ። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ነበር። ጴጥሮስ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ ዙሉውን ጣል እያደረገ፣ እጁን እያወራጨ ተናገረ። ከዚያ ቀን በፊት ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን ሁሉ ተናገረ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አልሰማኝም። ሲጨርሱ ኡልሪከ ዓይኗን እየጠረገች «አትጨነቂ፣ በዚህ ጥላ እናቱ እንኳ አታውቀውም» አለችኝ። ሐሙስ ማታ ከክልሉ ዜናና ከአየር ሁኔታው መሃል ይተላለፋል አለች። ከዚያ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እናወጣዋለን፣ እናንተም ታዩታላችሁ ብላ፣ የቢሮዋን ስልክ ሰጥታን ተሰናበተችን፤ በዚያው ማታ ወደ አገራቸው በረሩ። እኛም እንደ ሞኝ ደስ አለን።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ እኔ ነበርኩ። ጎጎ ታንዲ መጡ፣ ከጥግ ያለው ቤት ባለቤት፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት። ግማሽ ዳቦ ሰጠኋቸውና አልሄድ አሉ። «ማይ ፍሬንድ የታለ? ታመመ?» ጴጥሮስ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ «ሄ ሄ፣ ጎጎ፣ አለሁ!» አለ። ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ። «ይኸው እሱ! መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም፣ ሃይቦ፣ ፊቱን መቼ አየሁት? እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው። ይህንን ድምፅ ግን መቃብር ውስጥም ሆኜ አውቀዋለሁ። ያቺን ጎዶሎ ጣቱንም።» ዳቦአቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ።

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ጴጥሮስ አገር ቤት ሳለ ሻሸመኔ እንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ነበር፤ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ከመሃል ተቆርጣ የቀረችው እዚያ ነው። ሰፈሩ በሙሉ መልሱን የሚቀበለው ከዚያ እጅ ነው። ፊቱንማ ማን ያውቀዋል! ማንም የማያውቀውን ፊት በጥላ ሸፍነን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ድምፅና እጅ ለጀርመን ሰጥተን ነበር። ወደ ጓዳ ገብቼ ስነግረው ጴጥሮስ ቀኝ እጁን አንስቶ አየው፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ላይ አልተናገረም።

ወዲያው ታክሲ ይዤ ጄፔ መጣሁ። ያኔ አውሮፓ የሚደወለው ከስልክ ቤት ነው፤ እንጨት ሳጥን ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ቀዩ ቁጥር ከፊትሽ እየሮጠ ገንዘብሽን ይበላል። መጀመሪያ አንዲት ሴት በጀርመንኛ አነጋገረችኝ፣ «ኡልሪከ፣ ኡልሪከ» ስላት ጠብቂ ብላ ዘፈን ለቀቀችብኝ። የጣቢያው ዜማ መሰለኝ፤ መለከት ያለበት፣ ደስ ደስ የሚል፣ ሰርግ የሚመስል ነገር። እኔ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ ያንን መለከት ሰማሁ። እስከ ዛሬ መለከት አልወድም።

ኡልሪከ መጣች። ነገርኳት። «አስቴር፣ ፊቱ እኮ አይታይም» አለች። «እናቱ እንኳ...»

«እናቱን ማን ፈራ!» ብዬ ጮኽኩባት። የስልክ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እናንተ አገር ሰው በፊቱ ይታወቃል። እኛ ሱቅ በእጁና በድምፁ ነው። መስኮቱን አላየሽውም?»

በቀስታ ታስረዳኝ ጀመር፤ ሐሳቡን በጀርመንኛ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፣ የጴጥሮስ ድምፅ ግን ከሥር በስሱ ይሰማል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠሩት፣ ተመልካቹ የሚናገረው እውነተኛ ሰው መሆኑን እንዲያውቅ። እጁ ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ የሚያምረው ነው። ቢያምርም ይውጣ አልኳት። ከሥርም ከላይም እንዳይሰማ። እንዲያውም አጥፊው፣ ከናካቴው፣ እዚያ ቤት ውስጥ እንዳይኖር። «የእኛ ቤት ምንም አይጥልም» አለችኝ፣ አሁን ድምፅዋ ተለውጦ። «በየመንደሩ ዘዬ የሚያወሩ የሞቱ ገበሬዎችን ድምፅ ሳይቀር አስቀምጠናል። ሰዎች መጥተው የአያቶቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ።»

«የእኔ ባል ገና አልሞተም» አልኳት። «አጥፊው።»

ኃላፊዬን ልጠይቅ፣ ረቡዕ ደውዪ አለች።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነጭዋ መኪና መጣች። ቀኗ አልነበረም። ጴጥሮስ ከመደርደሪያው ኋላ ቆመ፣ እኔ መስኮቱ ላይ። ከሰዎቹ አንዱ ብቻ ወርዶ መጣ፤ ቆንጆ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትህትና የሚያበዛ፣ ለእኔ እሱ ነበር ከሁሉም የሚያስፈራኝ። «ሲስ፣ ማይ ፍሬንድ የታለ?»

«አሞታል። ጉንፋን። ድምፁ ተዘግቷል።»

«ነጮች ካሜራ ይዘው እዚህ ገቡ አሉኝ።»

«የቤተ ክርስቲያን እንግዶች ናቸው። ከፓስተራችን ጋር ነው የመጡት።» ይህስ እውነት ነበር።

ጨለማውን አተኩሮ አየ። እንደማያየን አውቃለሁ፣ ግን ያየን መሰለኝ። «አንድ ሲጋራ ስጡኝ» አለ። ላነሳ ስል «አንቺ አይደለሽም። እሱ ይስጠኝ» አለኝ።

ጴጥሮስ ወጣ። ግራ እጁን ቢሰድ ምን ይባላል? ቀኝ እጁን ሰደደ፣ ሲጋራዋን ይዞ። ሰውዬው ሲጋራዋን አልተቀበለም፤ እጁን ያዘ። በአውራ ጣቱ የተቆረጠችውን ጣት እየዳሰሰ ቆየ፣ እኔም እግዚአብሔርን በሦስት ቋንቋ ጠራሁ። «ደህና ሁን፣ ማይ ፍሬንድ» አለ በመጨረሻ። «ጉንፋን ክፉ ነው። ያልተናገረ ሰው ቶሎ ይድናል።» ሲጋራዋን ወስዶ ሄደ። ጴጥሮስ መሬት ላይ ቁጭ አለና እጁን ጭኔ ላይ አሳረፈው።

ረቡዕ ጠዋት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበርኩ። ኡልሪከ ራሷ አነሳችው። ኃላፊዋ እምቢ ብሎ ነበር አለችኝ፤ ድምፅ የሌለው ሰው ማን ያምነዋል ብሎ። አንድ ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ። በኋላ እጁን ከሚተላለፈው ሁሉ ቆረጡት፣ ድምፁንም ከውስጡ አወጡት፤ ጀርመናዊው ብቻ እንዲያነብ። «የተቀዳውስ?» አልኳት። «ድምፁን ሌሊቱን ራሴ አጠፋሁት። ሌላ ቅጂ የለም። ይህን ለኃላፊዬ አልነገርኩትም» አለችኝ። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ቀዩ ቁጥርም ዝም ብሎ ሮጠ። ጀርመን ላይ ሆና ለእኔ ባል ያለቀሰች ሴት ናት፤ ባለችበት እግዚአብሔር ይባርካት።

ኢንተርኔት ቤት ገብተን አየነው። አጭር ነበር። የመንገድ አቧራ፣ የዳቦ መኪና፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍርግርግ፤ ከላዩ ሞቅ ያለ ወተት ጠጥቶ የተነሳ የሚመስል ለስላሳ የወንድ ድምፅ በጀርመንኛ የባሌን ፍርሃት ያነባል። ጴጥሮስ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ጀርመንኛ ሲያምርብኝ!» አለኝ። ከእሁድ ጀምሮ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። የነጭዋ መኪና ሰዎችም አይተውት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልነኩንም። ክረምቱ ሲያልቅ ሱቁን ለሌላ አስተላልፈን ከቮስሎሩስ ወጣን።

ግን ያቺ ሳምንት ከጴጥሮስ ውስጥ አልወጣችም። ሰርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ሲመጣ ውኃ ጠማኝ ብሎ ይነሳል። ስልኩ ሁሉ ዘመናዊ ሆኖ ሰው ድምፁን እየቀዳ ሲላላክ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ፊደል በፊደል ይጽፍ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ሲያሾፉበት ይስቃል፣ ያቺን አጭር ሳቅ። ሳሮንን ወለድን፣ አሳደግን። ጄፔ ላይ ይህቺን የብርድ ልብስ ሱቅ ከፈትን። እሱም እንደ ሰው በአልጋው ላይ፣ በስኳር በሽታ፣ እጁን ይዤው አረፈ። በጥይት አይደለም፣ በእሳትም አይደለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ደውዬ አጥፉት እላለሁ።

ሳሮን ናት ያላስቻላት። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ «እማ፣ ድምፁ እየጠፋኝ ነው። ፊቱን አስታውሳለሁ፣ ድምፁን ግን ስፈልገው አጣዋለሁ፣ አይ ካንት ሂር ሂም» ብላ አለቀሰች። ቤቱን፣ የዘመዱን ስልክ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቪዲዮ ሁሉ ፈለገች። የለም። ያኔ ስለ ጀርመኖቹ ነገርኳት። ለጣቢያው ጻፈችላቸው። ኡልሪከ ጡረታ ወጥታለች፤ ከመዝገብ ቤታቸው አንድ ወጣት መለሰ። ምስሉ አለ፣ እንደተቀዳ ሙሉው፤ ድምፁ ግን በማን እንደጠፋ አልተገለጸም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ብሎ ላከው።

ሱቁን ዘግተን አብረን አየነው። ጥቁር ጥላ የሆነ ጭንቅላት፣ የዱቄት ጆንያ፣ እጁ። ያ እጅ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ መኪና ይነዳል፣ በር ያንኳኳል። አብዛኛውን ለሳሮን ነገርኳት፤ እዚህ ጋ ስለ ከድር ነው፣ እዚህ ጋ ስለ እሳቱ ነው። ወደ መጨረሻው እጁ ቀጥ ብሎ ከካሜራው ኋላ ወደ ቆምኩት ወደኔ ተዘረጋ፣ ትከሻውም ሲስቅ እንደሚያደርገው ነቅነቅ አለ። ሳሮን አቆመችው። «ይሄ ወደ አንቺ ነው። ምን አለ?»

አሰብኩ። ያን ጊዜ ለማስቆም ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነበር፤ አልሰማሁትም።

«ስለ አንቺ ነው» አልኳት።

«እማ፣ ያኔ እኮ ገና አልተወለድኩም!»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከዚያችው እጁ ከተዘረጋባት ቦታ እንደገና ከፈተችው።